የአርባ አንድ ቁጥር ወንበር

እናንተዬ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳቃችሁ ቢመጣም እስክጨርስ ያዙልኝ። የሞተ ሰው ጥጃ ሲገዛ አይቻለሁ። በሕልሜ አይደለም። በቀን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ባለበት፣ የገዛ ባሌ ነው የገዛው።

ያን ቀን ጠዋት ልጄ ሹንሳኩ መስተዋት ፊት ቆሞ ከአባቱ ኮፍያ ጋር ሲታገል አገኘሁት። ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ወደ ፊት ይስበዋል፣ ኮፍያው ተመልሶ ቅንድቡ ላይ ያርፋል። ከኮፍያው ፊት ለፊት አርባ አንድ የሚል ቁጥር ተሰፍቶበታል። በጥጃ ገበያው አዳራሽ ውስጥ ባሌ ሚኪዮ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠበት ወንበር ቁጥር ነው። "ጋዜጣ አጥፈህ ውስጡ ክተትበት" አልኩት። "እማ፣ ጋዜጣ አለበት እኮ" አለኝ፤ "አባዬ ራሱ ነው የከተተው።" ያን ሁሉ ዓመት የሚኪዮ ጭንቅላት ትልቅ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሹንሳኩ የራሱን ጋዜጣ በአባቱ ጋዜጣ ላይ ደረበበት።

ቤታችን ኦቢሂሮ ከተማ ውስጥ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከመጠጥ ቤቶቹ ረድፍ ቀጥሎ። የነጭ ጋዝ ዋጋ ከጨመረ ወዲህ አንድ ክፍል ብቻ ነው የምናሞቀው፤ መስኮቶቹ ከውስጥ በኩል በረዶ ይሠራሉ። ሴቷ ልጄ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ቤቱን ሽጡና ሳፖሮ ኑ ትላለች። ሹንሳኩ ደግሞ በተቃራኒው የሳፖሮ የቢሮ ሥራውን ትቶ መጣ፣ አባቱ ገና በሕይወት እያለ፣ ሥራውን ልማር ብሎ። ሳይማር አባቱ በመኸር ሞተ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከብት አድላቢዎች ገበያ ውለው ጥጃ መምረጥ አይችሉም፣ እና ባለ ወንበር ይገዛላቸዋል። የሚኪዮ ትልቁ ደንበኛ ኦታኪ የሚባል አድላቢ ነው፤ ያለሱ ወንበሩ ባዶ እንጨት ነው። ኦታኪ በቀብሩ ዕለት ልጄን ወደ ጥግ ወሰደና፣ "አንድ ገበያ እሰጥሃለሁ። ዐሥር ጥሩ ጥጃ በደኅና ዋጋ ከገዛህልኝ የአባትህን ቦታ ያዝ። ካልሆነ ለጎንዳ እሰጠዋለሁ፤ እንዳትቀየመኝ" አለው። ያ አንድ ገበያ ያን ቀን ነበር።

ምሳ ስቋጥር ሦስት ምሳ ዕቃ ቋጠርኩ። አንዱ የሚኪዮ ነው። እኛ ቤት መንገድ የወጣ ሰው ድርሻው ከማዕድ አይቀርም፤ እናቴ ወንድሟ ከጦር ሜዳ እስኪመለስ እንዲሁ ታደርግ ነበር፣ እኔም ከሷ ነው የያዝኩት። የቡድሃ መነኩሴያችን ደግሞ ሟች እስከ ሰባተኛው ሳምንት መንገድ ላይ ነው ይላል፤ ሚኪዮ ገና አምስተኛው ላይ ነበር። ሹንሳኩ ሦስተኛውን ምሳ ዕቃ አየና ከሌሎቹ ጋር ከረጢት ውስጥ ከተተው። የሚኪዮ ፎቶ ፊት የጸሎት ደወሏን መታሁ፣ እጄን አጋጥሜ ጸለይኩ፣ ወጣን።

ገበያው ከከተማው ወጣ ይላል። በረዶው መንገዱ ላይ ተነጥፏል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር፣ ብርዱ አፍንጫ ውስጥ ያለውን ፀጉር የሚያደርቅ። በረቶቹ ጋ ስንደርስ የጥጆቹ ትንፋሽ ጣሪያው ሥር ደመና ሠርቶ ሰዉ ከወገቡ በላይ አይታይም። ቦት ጫማ ብቻ ነው የሚሄደው። ጥጆቹ ድቅል ናቸው፤ አባታቸው ዋግዩ የሚባለው ሥጋው ውድ የሆነ ጥቁር የጃፓን ኮርማ፣ እናታቸው የወተት ላም። በገበያ ቋንቋ ኤፍ ዋን ይባላሉ፤ የልጅ ልጄ አያቷ የእሽቅድምድም መኪና ነጋዴ ይመስላት ነበር፣ ትምህርት ቤትም አውርታዋለች። ሥጋቸው ሱቅ ሲደርስ ዋግዩ ተብሎ አይጻፍበትም፣ ክልክል ነው፤ የአገር ውስጥ ሥጋ ተብሎ ነው የሚሸጠው። ሚኪዮ ለዚህ ነበር የሚወዳቸው። "ንጹሕ ዘሩን በአያቱ ስም ትገዛዋለህ" ይል ነበር፣ "ድቅሉን ግን በጀርባው ነው የምትገዛው። ስም የለውም፤ ዓይንህ ካልሠራ አለቀልህ።"

ሹንሳኩ በረት ለበረት እየዞረ የጥጆቹን ጀርባ ይዳስሳል፣ እኔ ከኋላው ነኝ። አንዱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። መቶ ሰማንያ ስምንት የሚል ቁጥር ተለጥፎበታል። ቀጭጮ የቀረ ነው፤ አንድ ጆሮው ጫፉን ብርድ በልቶታል፣ ያስለዋል። ጥጃ ሰው ሲያይ ወይ ይሸሻል ወይ እጅ ይልሳል። ይሄ ሁለቱንም አላደረገም። ከትከሻዬ በላይ ነው የሚያየው። ዞር ብዬ አየሁ፣ ከኋላዬ ማንም የለም፣ ደመናው ብቻ። ወደ ግራ ሄድኩ፤ ዓይኑ ተከተለኝ፣ ግን እኔን አይደለም። ሁሌ ከትከሻዬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የአንድ ረጅም ሰው ፊት ሊሆን በሚችልበት ቦታ ላይ። ሚኪዮ ረጅም ነበር። "እማ፣ እሱን ተይው፣ በሽተኛ ነው" አለኝ ሹንሳኩ። ተውኩት።

አዳራሹ በር ላይ ጎንዳ ቆሟል፤ የሰባት ቁጥር ባለ ወንበር ነው፣ ከሚኪዮ ጋር ሲሰዳደቡ ያረጁ። "እትዬ ቶሺኤ፣ ልትመርቂ ነው ልትጫረቺ የመጣሽው?" አለኝ። "ሁለቱንም" አልኩት። ልጄን ከኮፍያው እስከ ጫማው አየውና፣ "ግማሹ ቢሮ፣ ግማሹ ገበያ። ራሱ ኤፍ ዋን ሆነብን። ይሄን ማን ያደልበዋል?" አለ። "ድቅል ቶሎ ነው የሚደልበው፤ አንተ ራስህ አይደለህ ስትል የኖርከው" አልኩት። ሳቀ፣ ለኔም ወንበር ስቦ ከሹንሳኩ ጎን አደረገልኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ገበያ ላይ ግን ዘመድ የለውም።

ጨረታው በአፍ አይደለም። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ሥር በቀኝ በኩል አንዲት መጫኛ ቁልፍ አለች። ጥጃው በገመድ ተስቦ መሐል ሲገባ የሚፈልግ ሁሉ ቁልፏን ይጫናል፣ እጁንም ሳያነሳ ይቆያል። ሁለት ሰው እስከያዘ ድረስ ሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ ይወጣል። የለቀቀ ወጣ። መጨረሻ ላይ ብቻውን የቀረው ጥጃው የሱ ነው፣ የወንበሩ ቁጥርም ሰሌዳው ላይ ይበራል። እጅ ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ስለሆነ ማን እንደያዘ ማን እንደለቀቀ አይታይም። ሰዉ ሁሉ ጣሪያ እያየ ነው የሚገዛው፣ ቤተ ጸሎት ነው የሚመስለው። የሚኪዮን ምሳ ዕቃ ከጠረጴዛው ሥር በግራ በኩል ያለችው መደርደሪያ ላይ አኖርኩለት።

ሹንሳኩ አልሆነለትም። ጥሩ ጥጃ ሲገባ ይጫናል፣ ላብ ያልበዋል፣ ዋጋው ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ የን ሲያልፍ ይደነግጥና ይለቃል። ሰባት ቁጥር ይበራል። እንደገና ይጫናል፣ ይለቃል፣ ሰባት ቁጥር። ከኋላችን ጎንዳ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ኦታኪ የላይኛው ረድፍ ላይ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል፤ ዞር ብዬ አላየሁትም፣ ጀርባዬ ግን ያውቀዋል። ከጥጆቹ ግማሽ ያህሉ ሲያልፉ ልጄ የያዘው ሁለት ብቻ ነበር። "ትንሽ ዕረፍ" አልኩትና መንደሪን ሰጠሁት። እየላጠ ሳለ መቶ ሰማንያ ስምንት ገባ።

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ነገር ተሰማ። ጥጃው መሐል ላይ ቆመና አሳለው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ወደኛ ረድፍ አየ። ሰሌዳው ከመቶ ሺህ ጀመረ። ይቆማል ስል ወጣ። መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ። የልጄ ሁለት እጆች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ የመንደሪኑ ልጣጭ ከጣቱ ተንጠልጥሏል፤ እሱም እንደ ሁሉ ሰው ማን ነው እብዱ ብሎ ዙሪያውን ያያል። ሦስት መቶ። ሰዉ ጣሪያውን ትቶ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። አራት መቶ። አጫራቹ መነጽሩን አወለቀ። አራት መቶ ሰማንያ ላይ ቆመ፣ ቁጥሩም በራ። አርባ አንድ።

የጥጃው ገመድ አሸዋው ላይ ሲጎተት ይሰማል። አጫራቹ፣ "አርባ አንድ፣ ተሳስተህ ነው የተጫንከው?" አለ። ተሳስቼ ነው ማለት ይቻላል። ግን በመጀመሪያ ቀኑ ተሳስቼ ነው ያለ ባለ ወንበር ኮፍያውን አውልቆ ቢያስረክብ ይሻለዋል። ሹንሳኩ መንደሪኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከኋላችን ጎንዳ ተናገረ፣ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። "ከአርባ አንድ ጋር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ማን እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። የልጁን እጅ ግን አይቻለሁ። ሁለቱም መንደሪን ላይ ነበሩ።" አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። "ሚኪዮ ነው" አለ አንዱ ቀስ ብሎ፣ ጎረቤቱን በስም እንደሚጠራ። አጫራቹ መነጽሩን መልሶ አደረገና መዶሻውን መታ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ነፍሴ የማትረሳው። ቀጣዩ ጥጃ ገባ፣ ወፍራም፣ ጀርባው ጠረጴዛ የመሰለ። ሹንሳኩ ተጫነ። ሰሌዳው አልተንቀሳቀሰም። መነሻው ሁለት መቶ ሺህ ነበር፣ በሁለት መቶ ሺህ አርባ አንድ በራ። ሌላ ገባ፣ ተጫነ፣ እንደዚያው። ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከሚኪዮ ጋር ማን ይያዛል? ሹንሳኩ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ሲያደርግ ይጫረታሉ፣ ቀኝ እጁን ወደ ሥር ሲሰድ ሁሉም ይለቃል። ሹንሳኩ አንዴ ዞሮ አየኝ፤ ትንሽ ልጅ ሆኖ ጨለማ ሲፈራ የሚያየኝ ዓይን ነበር። የላይኛው ረድፍ ላይ ኦታኪ ካፖርቱን ሲያወልቅ ሰማሁ። ስድስት፣ ሰባት ሆኑ። ሦስት ብቻ ቀሩት፤ እነሱ ከተጨመሩ ወንበሩም ቤቱም የኛ ሆነ ማለት ነው። እኔ ምን ልበላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጸጉሬ ቆሞ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያኔ ያኤ ገባች። ባሏ የሞተባት፣ በኛ ሠፈር ገላ መታጠቢያ ቤት የምናውቃት ሴት ናት፤ ከከተማው ዳር ጥቂት ጥጃ በጡጦ ታሳድጋለች። ጥጃውን ራሷ ስባ ገባች፤ አጥባዋለች፣ አበጥራዋለች፣ ያብረቀርቃል። ከዚያ የተሻለ ጥጃ ያን ቀን አልገባም። ሹንሳኩ ተጫነ። ሁሉም ለቀቀ። ሁለት መቶ ሺህ። ያኤ ሰሌዳውን አየች፣ ገና የሚወጣ መስሏት ጠበቀች። የወተቱን ዱቄት ዋጋ እንኳ አይሸፍንላትም። አልሸጥም ማለት መብቷ ነው፤ ግን ሙት የወሰደውን ማን ይነጥቃል? በእጅጌዋ የጥጃውን አፍንጫ ጠረገችለት። ወደኛም አላየችም። ወደ ሚኪዮ ወንበር ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ልትወጣ ገመዱን ሳበች።

ተነሣሁ። ከጠረጴዛው ሥር እጄን ሰድጄ የሚኪዮን ምሳ ዕቃ አወጣሁና ሁሉም እንዲያየው ወደ ላይ ያዝኩት። "ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው። የሟች ምሳ ነው፣ ቁልፏ ላይ አስደግፌዋለሁ። መቶ ሰማንያ ስምንትን የገዛው ይሄ ነው።"

ከዚያ አጫራቹ ድምፅ ማጉያው ላይ፣ "እትዬ፣ ውስጡ ምንድን ነው?" አለኝ። "የተጠበሰ የሳልመን ዓሣና ሩዝ።" "አራት መቶ ሰማንያ ሺህ የሚያስይዝ ሳልመን" አለ ጎንዳ ከኋላ፣ "ሚኪዮ በሕይወቱ እንኳ እንዲህ አልተጫረተኝም።" አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ፍርሃቱ ሲወጣለት እንዴት እንደሚስቅ ታውቃላችሁ፤ ኮፍያቸውን መልሰው እያደረጉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እኔ የሠፈር መሳቂያ ሆንኩ፣ እስከ ዛሬም በገበያ ስሄድ ሳልመኗ መጣች ይሉኛል። ይሁን።

ሳቁ ሳያልቅ ሹንሳኩ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። "በፍርሃት የተለቀቁት ጥጆች እንደገና ይውጡ" አለ። "የያኤም፣ የሌሎቹም።" አጫራቹ የተሸጠ ተሸጠ አለው። "ገዢው እኔ ነኝ፤ ካልወሰድኩ አልተሸጠም" አለ ልጄ። "መቶ ሰማንያ ስምንትስ?" "እሱን እወስዳለሁ።" አጫራቹ ትከሻውን ነቀነቀና ጥጆቹን መልሶ አስገባ። ሁሉም ተጫነ። የያኤ ጥጃ አራት መቶ አሥር ሺህ ገባ፣ ለጎንዳ። ሹንሳኩ ከወጡት ሁለቱን ብቻ አስቀረ፣ ልብ አድርጎ ይዞ፣ ሳይደነግጥ። ጨረታው ሲያልቅ መቶ ሰማንያ ስምንትን ጨምሮ አምስት ነበሩት።

ኦታኪ በሩ ላይ ጠበቀን። "ዐሥር ነበር ያልኩህ" አለ። "አዎ ጌታዬ" አለ ልጄ። "ቃሌ ቃል ነው። ጎንዳ ዘንድ ሄጃለሁ። አራቱን እወስድልሃለሁ፣ በሽተኛውን አልፈልግም።" ከዚያ ለልጄ ሳይሆን ለኮፍያው እጅ ነሥቶ ሄደ።

ስንመለስ ሹንሳኩ ነው የሚነዳው፤ ጥጃው ከኋላችን ባለ የኪራይ መኪና ላይ ነው፣ ያኤ በረቷ ውስጥ ቦታ አለኝ ብላናለች። ፀሐይዋ እየጠለቀች በረዶው ሐምራዊ ሆኗል። ማሞቂያው ያንሾካሹካል። የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም ልጄ፣ "እማ" አለኝ፣ ፊት ለፊት እያየ። "መደርደሪያው በግራ ነው። ቁልፏ በቀኝ ናት።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

"ምሳ ዕቃው አልነካትም።"

"አልነካትም።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሱ ግን አልሄደም፣ ከኋላችን ጥሩምባ እስኪነፉ። "ታዲያ ጥጃውን ለምን አልመለስክም?" አልኩት። "የገዛው እሱ ነው" አለኝ። "የኔ ያልሆነውን እንዴት አድርጌ ነው የምመልሰው?"

ለማን ትገዛለህ ከእንግዲህ ስለው የያኤ የወንድሟ ልጅ ሦስት ጥጃ ይፈልጋል አለ። ሦስት ጥጃ የነጭ ጋዝ እንኳ አይገዛም። ግን ሦስት ነው። ቀጣዩ ገበያ ደግሞ ከሰባተኛው ሳምንት በፊት፣ ሚኪዮ ገና መንገድ ላይ እያለ ነው የሚውለው፣ እሱን ሁለታችንም አስበናል፣ ማናችንም አላነሣነውም። ቤት ደርሰን ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ነው የነገረኝ። "እጄን ከቁልፏ ላይ አላነሣም" አለ። "የምገዛው ጥጃ ኖረም አልኖረም፣ ጣቴ ሳይጫን እዚያው ይውላል። ለሱ ቦታ እንዳይኖረው።" ከዚያ እጁን አየው፣ ጨበጠው፣ ዘረጋው። "ዛሬ መጨረሻ የገዛኋቸው ሁለቱ ላይ" አለኝ፣ "ቁልፏን ስነካት፣ ቀድማ ወደ ውስጥ ገብታ ነው ያገኘኋት። ቀዝቃዛ ነበረች። ከዚያ ቀስ ብላ ወጣችልኝ።"

እጁን ይዤ አሸሁለት፣ እንደ በረዶ ነበር።

እንግዲህ ጸሎት የምታውቁ ሰዎች አትጠፉም፤ በየትኛውም ቤት የምትጸልዩ ሁኑ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁን ብቻውን ትቶ መሄድ ነው ያቃተው። ዛሬ ማታ ስማችሁን ለአምላካችሁ ስታሰሙ የሱንም ጣል አድርጉልኝ፤ ሚኪዮ ነው ስሙ። ወንበሩን ልጅህ ይዞታል፣ አንተ ልቀቀው በሉልኝ።